ያልተነበበው ግዝት

አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምሬ ወልደ ጻድቅ፤

አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ባናውን ሳይደርቡ ቅዳሴ እንዳይሄዱ፤ የኅዳር ውርጭ ሰው አይመርጥም። እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ምክንያት ልደረድር ነበር፤ ምክንያት እንደማይወዱ ስለማውቅ ተውኩት።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ላሉኝ፣ የአውሮፕላን ጠራጊ ናት ይበሉ። አውሮፕላኑ አርፎ ሰው ከወረደ በኋላ ስድስት ሴቶች እንገባለን። ሌላው መንገደኛ እስኪሳፈር ያለን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ወንበሩን እናጸዳለን፣ ቀበቶውን እናጣጥፋለን፣ የተረሳ ዕቃ እንለቅማለን። ባለፈው ሳምንት ጥርስ አገኘሁ፤ ሙሉ የላይ ጥርስ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ። ባለቤቱ እስካሁን ምን እየበላ እንደሆነ እንጃ።

ለእማዬ ሙት ዓመት ያልመጣሁት ፈቃድ ተከልክዬ ነው። ለሰማንያ ቀን ተዝካሯም እንደዚሁ ነበር። መርዶዋን ራሱ ከአርባዋ በኋላ ነው የሰማሁት። እንዳልደነግጥ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን አላነሣውም።

የምጽፍልዎ ለሌላ ጉዳይ ነው። የምሠራበት ሰገነት የሚባለው የአየር አገልግሎት፣ ንጋት ከሚባል ሌላ ኩባንያ ጋር ሊዋሃድ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ይሆናሉ። የንጋት ሠራተኞች ማኅበር አላቸው፣ እኛ የለንም። በእኛም በኩል ከግማሽ የሚበልጠው የምድር ሠራተኛ ለእነሱ ማኅበር ከፈረመ፣ አዲሱ ኩባንያ ስለ ሥራችን የሚነጋገረው ከማኅበሩ ጋር ይሆናል። አለቆቹ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ በአንድ ቢሮ እየጠሩ የራሳቸውን ወረቀት ያቀርባሉ። እሱን የፈረመ ሰው ሥራው ይቀጥልለታል፤ ያገለገለው ዓመት ግን ይሰረዛል፣ ማኅበርም አይወክለውም።

አወቀ የሚባል የዘመሮ ሰው አለ፤ ሻንጣ ጫኝ ነው፣ የማኅበሩን ፊርማ የሚያሰባስበውም እሱ ነው። «እንደ ጓሳው ሣር እናድርገው። ማንም ለብቻው ማጭድ እንዳያነሣ በግዝት እንተሳሰር» አለ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ አሰብንበት። ከጫኙና ከጠራጊው ግማሹ የመንዝና የግሼ ሰው ነው፤ ግዝት ምን እንደሆነ ያውቃል። የሰፈሩን ቄስ ብንጠይቅ «ቤተ ክርስቲያን የኩባንያ ዘበኛ አይደለችም» ብለው መለሱን። ያን ጊዜ አወቀ ወደ እኔ ዞሮ «ያንቺ አባትስ?» አለኝ።

እርስዎስ ምን ይላሉ?

ልጅዎ እፀገነት


መሐል ሜዳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤ ጠባቂ መልአክሽ አይለይሽ።

ጉልበቴ አርጅቷል። ዐይኔ ግን ገና ነው፤ ጽሕፈትሽ መበላሸቱን ያያል። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁም ብዬ ልክድ ነው።

ለጎረቤታችን ለኮከቤ ሥራሽን ነገርኳት። «ሰማይ ላይ ሆና ነው የምትጠርገው?» አለች። የለም፣ መሬት ላይ ቆሞ ነው ብላት ቅር አላት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንጀራዬን የምታመጣልኝ እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ አላጎደለችም። ያመጣችውን አስቀምጣ ትሄዳለች፣ እኔም ባርኬ ብቻዬን እበላለሁ።

ስለ ግዝቱ። ልጄ፣ ግዝት እንደ ጨው በየወጡ አይነሰነስም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን የጓሳን ሣር ከአጨዳ የሚዘጋው ኮሚቴ ነው፤ ዱሮ ግን በእኛ አፍ ነበር የሚዘጋው። እኔ ራሴ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ሰው የመክፈቻው ቀን ሳይደርስ አንድ ሸክም ሣር አጨደ። ቤቱ ያፈስ ነበር፣ ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ቢሆንም እሳት የሚጭርለት፣ ከማዕዱ የሚያቀርበው ጠፋ። ሦስት ወር ቆይቶ ንስሐ ገባና ፈታሁት። ከተፈታ በኋላም ከሰው ጋር መብላት ተሳነው። በየድግሱ ድርሻውን ይዞ ወደ ዳር ይወጣ ነበር። እኔ የፈታሁ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ከመጻፌ በፊት መልሺልኝ። ሁሉም ወዶ ነው ወይስ ተጎትቶ? ከእምነታችን ውጭ ያሉትስ እንዴት ይሆናሉ? አንቺስ ትችይዋለሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብሽ።

ደግሞ ፋሲካን ትመጫለሽ ወይ ብዬ ባለፈው ጠይቄሽ ነበር። ጥርሱን ስትተርኪልኝ ጥያቄዬን ዘለልሽው። ማታስ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?

አባትሽ


አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአባቴ፤ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ፤ ለጥምቀቱም ያድርስዎ።

ሁሉም ወዶ ነው አባዬ። ከእኛ ከሁለት መቶ አሥሩ የምድር ሠራተኞች ዘጠና አራት ሰው ለማኅበሩ ፈርሟል። አሥራ ሁለት ብቻ ይቀረናል። የሻንጣ ትራክተር ነጂው ሰይድና ጓደኞቹ «እኛን ቃላችን ይያዘን፤ የሰጠነውን ቃል አንበላም» ብለዋል። ችግሩ የቀሩት አይደሉም፣ የፈረሙት እንዳይሸሹ ነው። ቢሮ የተጠራ ሰው ሲወጣ ዐይን አይገጥምም። ተጠርቶ የነበረ ሁሉ «አልፈረምኩም» ይላል፤ እኛም እናምናለን፣ ደግሞም አናምንም።

እችለዋለሁ ወይ ላሉኝ፣ የመምሬ ወልደ ጻድቅ ልጅ አይደለሁ? ሰው ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያየኝ። ሰባት ዓመት አብራኝ የጠረገችው አያልነሽ እንኳ፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ «አንቺ ካለሽበት እኔም አለሁበት» አለችኝ።

ፋሲካን መምጣት የምችል አይመስለኝም። ኩባንያዎቹ እስኪዋሃዱ ለማንም ፈቃድ አይሰጥም ተብሏል። ከትናንት በስቲያ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ናሁሰናይ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። ሻይ አዘዘልኝ። ስለ እማዬ ጠየቀኝ፤ ከየት እንደሰማ አላውቅም። ሌላ ነገር የለም።

«ማታ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?» ብለዋል። ከሬዲዮ ጋር። የተከራየኋት ክፍል ጥሩ ናት፣ በሯ ብቻ ይጮኻል። ስገባ «ደህና አመሻችሁ» እላለሁ፤ የቤታችን ልማድ አልለቀቀኝም።

ልጅዎ እፀገነት


መሐል ሜዳ
ጥር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ጻፍኩት። አብሮ የታጠፈው ወረቀት እሱ ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበት፣ በሦስተኛው ከቅዳሴ በኋላ ጻፍኩት።

አነባበቡን ልብ በይ። ሁሉም ይሰብሰብና አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። ከዚያ «መታሰር የማይፈልግ አሁን ይውጣ፣ አንወቅሰውም» ብለሽ በሩን ክፈቺ። የቀረው ሲቆም አንብቢው። እስኪነበብ ድረስ ወረቀት ነው፤ ከተነበበ በኋላ ግን አንቺም እኔም አንመልሰውም። የሰይድን ሰዎች በቃላቸው ያዟቸው፤ የቃል ሰው ከግዝት ሰው አያንስም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። ጓሳ ከእኛ እጅ ከወጣ ወዲህ የእኔ ቃል ለሠርግና ለፍትሐት ብቻ ነበር የሚፈለገው። አሁን ዕድር ላይ ተናገርኩ። «ልጄ ባለችበት አገር ሁለት መቶ ሰው በዚህ ደብር ቃል ሊተሳሰር ነው» አልኳቸው። ትዕቢት ነው፤ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።

የበልጉ ዝናብ ገና ምልክቱ የለም። በጎቹ ከስተዋል። ፋሲካ አልመጣም ማለትሽን ለኮከቤ አልነገርኳትም፤ እስቲ ይቆይ ብዬ ነው።

አባትሽ

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። የሰገነት የምድር ሠራተኞች ሁሉ በአንድነት መክረው በቃ እስኪሉ ድረስ፣ ከመካከላቸው ማንም ተነጥሎ ለብቻው በኩባንያው ውል ላይ እጁን እንዳያኖር፣ ወንድሙን ከኋላው ጥሎ እንዳይሄድ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቻለሁ። ቀሲስ ወልደ ጻድቅ።»


አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

የምሥራች! ለፋሲካ እመጣለሁ። አሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ቀዳም ሥዑር ከሰዓት መሐል ሜዳ እገባለሁ። ምን ላምጣልዎ? ለቅዳሴ የሚሆን ነጭ ጫማ አይቻለሁ፤ ቁጥርዎ አርባ አንድ ነው ወይስ አርባ ሁለት? ለእትዬ ኮከቤ ሻሽ ገዝቻለሁ፣ ይንገሯት። እማዬ መቃብር ላይም እንሄዳለን።

ወረቀቱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሥራ ስለበዛ አሳጠርኩት፤ ይቅርታ።

ልጅዎ እፀገነት


መሐል ሜዳ
መጋቢት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ፤

አርባ አንድ ነው። እግር አያድግም፣ አእምሮ እንጂ፤ እሱም ለአንዳንዱ ነው።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ሙክቱን ለይቼ አስሬዋለሁ። የጎጆውን ክዳን በአዲስ ጓሳ አስከድኜዋለሁ፤ አንቺ በምትተኚበት በኩል ያፈስ ነበር። ኮከቤ ሻሹን ስትሰማ አለቀሰች። ሴት ልጅ የላትም፣ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ግዝቱን እንዴት ተቀበሉት? ቆሙ ወይ? የወጣ ሰው ነበረ? ይህን ሁሉ ሳትነግሪኝ የጫማ ቁጥር ጠየቅሽኝ። ቅዳሜ ገበያ የአወቀን አጎት እምሩን አገኘሁት። አወቀ «የመምሬን ደብዳቤ እየጠበቅን ነው፣ እስካሁን አልደረሰንም» ብሎ ጽፎለታል። ደርሶኛል ብለሽኝ የለ? ምናልባት የእሱ ደብዳቤ ቀድሞ የተጻፈ ይሆናል። እንዲያ ነው ብዬ ለእምሩ መለስኩለት።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

አባዬ፤

የአወቀ ደብዳቤ ቀድሞ የተጻፈ አይደለም። እውነቱን ነው የጻፈው። የእርስዎ ወረቀት የደረሰኝ ጾሙ በገባ ሰኞ ነው። እሑድ ተሰብስበን ላነበው ተቀጣጥረን ነበር። ረቡዕ ዕለት አቶ ናሁሰናይ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው ውሉ ነው። ሌላው የፈቃድ ቅጽ ነው፤ ስሜ ተሞልቶበታል፣ ቀኑም ተጽፎበታል፣ ከሚያዝያ አንድ እስከ አሥር። «አባትሽ ብቻቸውን ናቸው አሉ። እናትሽንም አልቀበርሽም። እኔም እናት አለኝ» አለኝ። አልጮኸብኝም፣ አላስፈራራኝም። ቢያስፈራራኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ መንዜ አይደለሁ? በደግነት መጣብኝ። እርስዎ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ የቤቱን በር ሲከፍቱ፣ ኮከቤ አስቀምጣው የሄደችውን ሲበሉ ታየኝ። ፈረምኩ።

እሑድ ሰዉ ተሰበሰበ። ወረቀትዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። «አልደረሰም» አልኳቸው። እንዳላነበው የፈራሁት ኩነኔውን ብቻ አይደለም፤ የእርስዎን ቃል በእኔ አፍ ማውጣት አቃተኝ። በየሳምንቱ «ዛሬስ?» ይሉኛል፤ በየሳምንቱ እዋሻለሁ። አያልነሽ «ምስኪን አባትሽ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ይሆናል» ትለኛለች። አብሬያት ስበላ ቀና ብዬ አላያትም።

አሁን የምጠይቅዎ ይህን ነው። ግዝቱ ሳይነበብ ስለፈረምኩ ታስሬያለሁ ወይስ አልታሰርኩም? ከታሰርኩ ይፍቱኝ። ደግሞ ይንገሩኝ፤ ልምጣ ወይስ ልቅር? ነይ ካሉኝ እመጣለሁ፤ ቅሪ ካሉኝ ፊርማዬን አነሣለሁ፣ ፈቃዱም ይቀራል። እኔ መምረጥ አቅቶኛል፤ እርስዎ ይምረጡልኝ።

እፀገነት


መሐል ሜዳ
መጋቢት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

ደብዳቤሽን «ፈረምኩ» እስከሚለው አነበብኩት። ከዚያ በታች ያለውን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አኖርኩት። ኑዛዜ መሆኑ ገባኝ። ልጅ ለአባቷ አትናዘዝም፣ አባትም የልጁን ኑዛዜ አይሰማም፤ ሚዛኑ ይወላገዳል። ከታች ጥያቄ ጽፈሽ እንደሆነ መልስ ያልሰጠሁሽ ስላላየሁት ነው።

ባየሁት ላይ ግን ይህን እላለሁ። ያልተነበበ ግዝት ማንንም አያስርም። ስለዚህ እኔ የምፈታልሽ ነገር የለም። ይህን ስልሽ ቀለል እንዳይልሽ። የታሰረን ሰው ቄስ ይፈታዋል። አንቺን ግን የሚፈቱሽ አብረሻቸው የምትጠርጊው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መበደላቸውን ገና አያውቁም።

ስለ እኔ ብቸኝነት ሰው ነግሮሽ አዘንሽ። ብቻዬን መሆኔ እውነት ነው። ግን ለሰው መግዣ እንዲሆን አልሰጠሁትም።

ሙክቱ እንደታሰረ ነው።

አባትሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ማንበብ የነበረብዎትን ባለማንበብዎ መጀመሪያ ተናደድኩ። ይምረጡልኝ ብዬ ነበርና። ሌሊቱን ሳስበው ግን መርጠው ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን በእርስዎ አሳብቤ እንደምኖር ገባኝ።

ሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አወቀ ግቢ ተሰበሰብን። ሰዉ ሁሉ የዘንባባ ቀለበት እንዳሰረ ነው። ተነሥቼ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሲያዩት እልል ሊሉ ነበር። «ቆዩ፤ ከደረሰኝ አርባ ቀን አልፎታል። እኔም ፈርሜያለሁ» አልኳቸው። በምን እንደፈረምኩም ነገርኳቸው። አቶ ናሁሰናይን አልወቀስኩም፤ የፈረመው እጅ የእኔ ነበር።

አያልነሽ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አወቀ «አንቺን ነበር የምናምነው» አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ ጫኝ «እኔም» አለ። ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ የድጋፍ ደብዳቤ እንጽፍልሃለን ብለውት ነው። ከእሱ ቀጥላ አንዲት ጠራጊ ተነሣች። ዘጠኝ ሰው ሆንን አባዬ። ለእያንዳንዱ የራሱን ቁስል አግኝተው ነው የጠሩት፤ እያንዳንዱም ብቻውን የከዳ መስሎት ሁለት ወር በዝምታ ከርሟል።

አወቀ በሩን ከፈተ፣ መውጣት የሚሻ ይውጣ አለ። ሁለት ሰው ወጣ። ለቀረነው እሱ አነበበው። ሰይድ ግንባሩን ነክቶ ቃሉን ሰጠ። አሁን በእውነት ታስሬያለሁ።

ሰኞ ዘጠኛችንም አብረን ሄደን ፊርማችንን ማንሣታችንን በጽሑፍ ሰጠን። አቶ ናሁሰናይ የፈቃድ ቅጼን ከፋይሉ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። ለማኅበሩ የፈረመው መቶ ሦስት ደርሷል፣ ሦስት ይቀራል። ከፋሲካ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። አያልነሽ ገና አላናገረችኝም። ምሳዬን መንገደኛ በሚወርድበት የደረጃ ጋሪ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለብቻዬ በላሁ። ያ ሣር ያጨዱት ሰውዬ ትዝ አሉኝ።

አልመጣም አባዬ። መኪና እንዳይጠብቁ ልደውል ብዬ ስልክ ቤት ሄጄ ነበር፤ የመሐል ሜዳ መስመር ተቋርጧል አሉኝ። ይህ ደብዳቤ መኪናውን እንዲቀድም እጸልያለሁ። ጫማውን በፖስታ እልከዋለሁ።

ልጅዎ እፀገነት


መሐል ሜዳ
ሚያዝያ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ከሆሣዕና ወዲህ የጻፍሽልኝ ካለ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤቱ ለበዓል ተዘግቶ ሰነበተ። ስለዚህ ምን እንዳደረግሽ ሳላውቅ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ቄጤማ አድዬ ስጨርስ ወደ መኪና መቆሚያው ወረድኩ። አክፍዬ ስለነበር ኮከቤ «መምሬ፣ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ የት ይሄዳሉ? ሰው ልላክልዎ» ብላ ተቆጣችኝ። አልሰማኋትም። እኔ ራሴ ማየት ነበረብኝ። አየሽ፣ ያነበብኩት ግማሽ በምን እንደፈረምሽ ነግሮኛል። ከመኪናው ከወረድሽ ውሉን ይዘሻል ማለት ነው። ካልወረድሽ መልሰሻል። የቀረውን ግማሽ ገልጬ ማየት እችል ነበር፤ ዳዊቱ እጄ ላይ ነው። አላየሁትም።

መንገዱን በሙሉ ብትመጪ ምን እንደምልሽ ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። አንድም ቃል አላገኘሁም። ብትመጪ አቅፌ እንደምስምሽ ብቻ አውቅ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

መኪናው ሞላሌ ላይ ጎማው ፈንድቶ ዘግይቶ መጣ። ሰው እንደ ጉድ ይወርዳል። ዶሮ የያዘ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች። ጥቁር ሻሽ ያሰረች አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ስትወርድ ወደ እሷ ተራመድኩ፤ ዞር ስትል የሌላ ሰው ልጅ ናት። ሁሉም ወርዶ አለቀ። ረዳቱ ውስጡን እየጠረገ «መምሬ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። «የለም» አልኩት።

ታምማ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ሰይጣን ነው ብዬ አባረርኩት። በዕድሜዬ የጠበቅኩት ሰው ቀርቶብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዳገቱን ስወጣ አልደከመኝም። የሰላምታ ጊዜ ያጣሁ እስኪመስል እየፈጠንኩ ሄድኩ፤ ያዩኝ ሰዎች መጥታላቸው ነው ብለው «እንኳን ደስ ያለዎ» አሉኝ። «አሜን» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት ግን አዲሱ ክዳን ሸተተኝ፤ መኝታሽን ኮከቤ አንጥፋዋለች። ደስታው እዚያው ደፍ ላይ ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ልጄ። ትክክል ነሽ፤ እኔ ግን ፈለግኩሽ።

አባትሽ ወልደ ጻድቅ